ደሴ ላይ ኮንዶሚኒየም ለምትፈልጉ፦ መጀመሪያ ብሎኩን እዩት

መስከረም በጠባ ቁጥር አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደርሰኛል። "ዝውውሬ ጸድቆ ደሴ መምጣቴ ነው፤ ኮንዶሚኒየም ልከራይ ወይስ ግቢ ውስጥ ያለ ቤት?" ይሉኛል። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ እንደ እኔ መምህራን ናቸው፤ ከወልዲያ፣ ከላሊበላ፣ ከመካነ ሰላም የሚመጡ። አንዳንዶቹም "ትንሽ አጠራቅመናል፣ ብንገዛስ?" ይላሉ። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳት አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው የተነሳሁት።

እኔ የተወለድኩትም ያደግኩትም ደሴ፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ሳገባ ኮንዶሚኒየም ተከራየን፣ የመጨረሻው ፎቅ ላይ። አሁን ሌላ ሳይት ላይ አንደኛ ፎቅ ገዝተን እንኖራለን። የሳይቶቹን ስም አልጠራም፤ የምወቅሰው ሰው ስላለ ጎረቤት ለጎረቤት አታጣሉን።

መልሴ ሁሌም ያው ነው። መጀመሪያ ብሎኩን ምረጡ፣ ቤቱ ይደርሳል። ሰው ቤት ሊያይ ሲሄድ ሴራሚኩን ያያል፣ የኩሽናውን ቁምሳጥን ይከፍታል፣ መኝታ ቤቱን በእርምጃ ይለካል። ውሃው፣ ፍሳሹ፣ ጣሪያው፣ ደረጃው፣ ጥበቃው ግን የሁሉም ነው። የእናንተ የብቻችሁ የሆነው ከበሩ ወዲህ ያለው ነው። እሱም ቢሆን ከላይ ያለው ጎረቤት መታጠቢያ ቤት ያፈሰሰ ዕለት የብቻችሁ መሆኑ ያበቃል።

በቅድሚያ ስለ ቀበሌ ቤት ትንሽ ልበል፤ "ርካሽ ነው አሉ" እያለ የሚጠይቀኝ አይጠፋምና። ነገሩ የሚጀምረው ከ1967 ነው። በዚያ ዓመት ሐምሌ ደርግ ባወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ የነበሩት ኪራይ ቤቶች ብለን ለምንጠራው መሥሪያ ቤት። ስለዚህ የቀበሌ ቤት ማለት ያኔም ቢሆን ከርካሾቹ መሃል የነበረ ቤት ነው፤ ዛሬ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ያለው ዕድሜ ተጨምሮበታል። የእኛ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነበር፣ ኮርኒሱ የማዳበሪያ ከረጢት፣ ሽንት ቤቱ ከጎረቤት ጋር የጋራ። ኪራዩ ግን እናቴ በወር ለቡና ከምታወጣው ያንስ ነበር፤ እኛን አስተምሮ ለወግ ያበቃን ያ ኪራይ ነው፣ አልወቅሰውም።

ዛሬ ግን ለአዲስ ገቢ የቀበሌ ቤት አማራጭ ነው ብዬ አልመክርም። ባዶ ቤት አይገኝም፤ ቢገኝም ተራ የሚጠብቅ ችግረኛ አለ። በየቡና ቤቱ የምትሰሙት "ቁልፍ መግዛት" የሚባለው ነገር ነው። ነዋሪው ገንዘብ ይቀበላችሁና ዘመድ አስመስሎ ያስገባችኋል። ቤቱ የመንግሥት ነው፤ ሊሸጥላችሁ አይችልም። ውሉ በእሱ ስም ነው። እሱ ቢሞት፣ ወይም ቦታው ለልማት ቢፈለግ፣ ምትክ የሚሰጠው ውሉ ላይ ስሙ ላለው ነው፤ እናንተ የሰጣችሁትን ገንዘብ የምትጠይቁበት ወረቀት እንኳ አይኖራችሁም። ጣሪያ ለመቀየርም ሆነ አንድ ክፍል ለመጨመር ፈቃድ ያስፈልጋል። ይለፋችሁ።

ሌላው በብዛት የሚወራው ቦታ ወስደው ቤት የሚሠሩበት የመኖሪያ ቤት ማህበር ነው። ተደራጅቶ፣ ቆጥቦ፣ ቦታ ተረክቦ የሠራ ሰው አውቃለሁ፤ ጥሩ ቤት ሆኖለታል። ቦታው እስኪሰጥ ድረስ ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው። በማህበር ብትመዘገቡም እስከዚያ የምትኖሩበት ቤት ያስፈልጋችኋል።

ወደ ኮንዶሚኒየሙ ልምጣ። የተቀናጀ የቤቶች ልማት የሚባለው ፕሮግራም አዲስ አበባ ተጀምሮ በ1998 አካባቢ ወደ ክልል ከተሞች ወረደ፤ ደሴና ኮምቦልቻም ደረሳቸው። አዲስ አበባ እንደቀጠለው ግን እዚህ አልቀጠለም። ስለ 20/80 እና 40/60 የምትሰሙት የአዲስ አበባ ጉዳይ ነው፤ ደሴ ላይ ዕጣ ልጠብቅ የሚል ሰው የሚጠብቀው ነገር የለም። ከባለቤቱ ትከራያላችሁ ወይም ከባለቤቱ ትገዛላችሁ። ይህ ማለት ደግሞ የምታዩት ሕንፃ አዲስ አይደለም። ቧንቧው፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ፣ የፍሳሽ መስመሩ የዚያን ጊዜው ነው። ውስጡ ጂፕሰም ተለጥፎ ሙሽራ ሊመስል ይችላል፤ ግድግዳው ውስጥ ያለው ቧንቧ ግን ዕድሜውን ያውቃል።

ስለ ውሃ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፣ ደሴ ላይ የኮንዶሚኒየም ኑሮ ግማሹ እሱ ስለሆነ።

ደሴ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ፈረቃው ከሰፈር ሰፈር ይለያል፤ ከወቅት ወቅትም እንዲሁ። መጣ ከተባለም ለሁሉም ፎቅ እኩል አይመጣም። ውሃ አሥር ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር አንድ ባር ግፊት ያጣል፤ ሦስተኛ ፎቅ ማለት እዚያው አካባቢ ነው። መስመሩ ላይ ግፊቱ ደካማ ሲሆን ምድር ቤት ባልዲ እየሞላ እናንተ ጋ ቧንቧው አየር ብቻ ይተነፍሳል። ተከራይተን በነበረበት ጊዜ ያን ድምፅ ለይቼ አውቀው ነበር። መጀመሪያ ፉጨት፣ ቀጥሎ እንደ ሳል ያለ ነገር፣ ከዚያ ቡኒ ውሃ ትፍ ትፍ ይላል፣ ከዚያ ይጠራል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፤ ሰው ሁሉ ተኝቶ ቧንቧ ሲዘጋ ግፊቱ ወደ ላይ ይደርሳል። ባለቤቴ ቧንቧውን ከፍቶ ከሥሩ የብረት ሳህን ደፍቶ ይተኛ ነበር፣ ጠብታው ሳህኑን ሲመታ እንድንነቃ። ሁለታችንም ስንነቃ ልጁም ይነቃል፤ ከዚያ ጀሪካን መደርደር ነው።

አሁን የምኖርበትን ቤት ለማየት ስሄድ፣ ደላላው ከመምጣቱ በፊት ቀደም ብዬ ሥሩ ጉሊት ዘርግተው ለተቀመጡ እናት ሽንኩርት ገዛሁና፣
"እትየ፣ ውሃ እንዴት ነው እዚህ?" አልኳቸው።
"ውሃውስ ይመጣል ሆዴ" አሉ፣ ወደ ላይ በአገጫቸው እያመለከቱ፣ "ለነዚያ አይወጣላቸውም እንጂ።"
"አንደኛ ፎቅስ?"
"አንደኛ ይደርሳል፤ አብሽሪ። ጀሪካን ይዘው ሲወርዱ የማያቸው የላይኞቹን ነው።"
ደላላው በኋላ "ውሃ ሃያ አራት ሰዓት ነው" አለኝ። ዝም አልኩት።

ሒሳቡን እንዲህ ሥሩት። አራት ሰው ያለበት ቤት በጣም ቆጥቦ እንኳ በነፍስ ወከፍ 25 ሊትር ቢጠቀም በቀን 100 ሊትር፣ አምስት ጀሪካን ማለት ነው። ፈረቃው ሳምንት ከቆየ 700 ሊትር ያስፈልጋል፤ 500 ሊትር ሮቶና አንድ 200 ሊትር በርሜል። ቀጣዩ ጥያቄ የት ይቀመጣል ነው። አንዳንዱ 1,000 ሊትር ሮቶ በረንዳ ላይ ይሰቅላል። አንድ ሺህ ሊትር ውሃ አንድ ሺህ ኪሎ ነው፤ በረንዳ ላይ አሥር ኩንታል ጤፍ እንደመከመር። ያ በረንዳ የተሠራው ልብስ ለማስጫና ለመቀመጫ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ካያችሁ የበረንዳውን ሥር ከታች ሆናችሁ እዩት፤ ስንጥቅ ወይም የዛገ ብረት ከታየ አትግቡ። ከእናንተ በላይ ያለው ሰው ሰቅሎ ከሆነም ያው ነው፣ ምናልባትም የባሰ።

የተሻለው መፍትሔ ብሎኩ በጋራ መሬት ላይ ታንከር አስቀምጦ፣ ማታ ሞልቶ፣ በፓምፕ ወደ ላይ የሚገፋበት ነው። ብሎኩ ይህ ካለው ሦስተኛ ፎቅ ብትኖሩም አትጎዱም። ፓምፑ በማን ቆጣሪ እንደሚሠራ ግን ጠይቁ፤ ጠቡ የሚነሳው ከዚያ ነው። ፓምፕን ከታንከር ሳይሆን በቀጥታ ከከተማው መስመር ላይ የሚገጥም ሰው ካለ ደግሞ ሌላ ችግር ነው። የጎረቤቱን ውሃ ይስባል፤ ያ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፣ ቧንቧው የሆነ ቦታ ተሰንጥቆ ከሆነ በዙሪያው ያለውን ቆሻሻም አብሮ ይስባል። እንዲህ ዓይነት ብሎክ ላይ የምትኖሩ ከሆነ የመጀመሪያውን ውሃ ለመጠጥ አትቅዱ፣ አፍሉትም።

ቀጥሎ ጉሙ። ደሴን በጥቅምት ወይም በኅዳር ያየ ሰው አላያትም። ከተማዋ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ በምዕራብ ጦሳ ተራራ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል። ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ከገደሉ ተነስቶ እስከ ደጃፍ ይገባል፤ የታጠበ ልብስ ለቀናት ርጥብ እንደሆነ ይሰነብታል። ኮንዶሚኒየሞቹ ላይ የተገጠሙት መስኮቶች ብዙዎቹ ኤልቲዜድ ናቸው፤ ብረቱ ይዝጋል፣ ጎማ የለውም፣ ነፋሱ በጠርዙ ይገባል። ብሎኬቱ ደግሞ ውጪው በደንብ ካልተለሰነ ዝናቡን ይጠጣል። ስለዚህ ሻጋታን በዓይን ብቻ አትፈልጉት፣ ቀለም ይሸፍነዋልና። የቁምሳጥን በር ከፍታችሁ አሽትቱ። ከአልጋው ራስጌ ያለውን ግድግዳ በእጅ መዳፍ ዳስሱ። ከቤቱ አንድ ግድግዳ ብቻ ለይቶ አዲስ ቀለም ከተቀባ ምክንያት አለው።

ፀሐይን በተመለከተ የእኔን ምርጫ ልንገራችሁ። ከጥቅምት እስከ የካቲት፣ ቅዝቃዜው አጥንት በሚሰብርበት ጊዜ፣ ፀሐይ በደቡብ በኩል አዘንብላ ነው የምትሄደው። መስኮቱ ወደ ደቡብ የሆነ ቤት በዚያ ጊዜ ይሞቃል፤ ወደ ሰሜን ብቻ የሚያይ ቤት ክረምት ከበጋ ካፖርት ያስለብሳል። በጦሳ ሥር ያሉ ሰፈሮች ደግሞ ተራራው ከሰዓት በኋላ ፀሐዩን ቶሎ ይወስድባቸዋል። እዚያ ከሆነ የምትፈልጉት መስኮቱ ወደ ምሥራቅ የሆነውን ያዙ፣ የጠዋቷን እንኳ እንድታገኙ። እኔ ከአንድ ካሬ ትርፍ ክፍል የጠዋት ፀሐይን እመርጣለሁ፤ ባለቤቴ እስከ ዛሬ አይስማማም፣ እሱ የሚፈልገው ሰፊ ሳሎን ነው።

"ታዲያ ኮምቦልቻ ወርደን ብንኖርስ?" የሚሉ አሉ። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከፍታው ደግሞ ከ2,000 ሜትር በታች። ሙቀት አለ፤ ልብስ ይደርቃል፤ ትንኝም አለ፣ አጎበር ያስፈልጋል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ 2009 ሐምሌ ላይ ከተመረቀ ወዲህ ቤት ፈላጊው በርክቷል። ሥራችሁ ደሴ ከሆነ ግን በየቀኑ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት መውጣትና መውረድ አለባችሁ፤ በክረምት ጉም ያንን ጠመዝማዛ በሚኒባስ ጠዋትና ማታ መመላለስ ለእኔ አይሆንም። ሥራው ኮምቦልቻ የሆነ ሰው ግን እዚያው ቢኖር ይሻለዋል፤ ለደሴ አየር ብሎ መመላለስ የለበትም።

መሬቱንም እዩ። ደሴ ዳገት ላይ ያለች፣ ከሥሯ ምንጭ የሚወጣባት፣ መሬት የሚንሸራተትባት ከተማ ናት፤ ይህ የታወቀ ነው። ብሎኩ ከቁልቁለት አፋፍ ላይ ከሆነ የድጋፍ ግንቡ ሆዱን ወደ ውጭ ገፍቷል ወይ? ውሃ ማስወጫ ቀዳዳዎቹ ተደፍነዋል ወይ? በግድግዳው ላይ እንደ ደረጃ እየረገጠ የሚወጣ፣ የብሎኬቱን መጋጠሚያ ተከትሎ የሄደ ስንጥቅ ካያችሁ መሠረቱ እየተቀመጠ ነው ማለት ሊሆን ይችላል። ፀጉር የምታህል የልስን ስንጥቅ ግን አታስደንግጣችሁ፤ የሌለበት ቤት የለም። ሣንቲም የሚያስገባ ከሆነ ነው መሐንዲስ የሚያስፈልገው።

አሁን ፎቅ። የመጨረሻው ፎቅ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ምስማሩ ከላላ የሚንጠባጠበው እናንተ ላይ ነው፤ ጣሪያው የጋራ ቢሆንም ለጥገናው መዋጮ ለማሰባሰብ ምድር ቤት ያለውን ሰው ማሳመን አለባችሁ። "እኔ ጋ አያፈስም" ይላል። ምድር ቤት ደግሞ የፍሳሹ መጨረሻ ነው። ከላይ ያለው ሰው የሕፃን ዳይፐር ሽንት ቤት ውስጥ ጥሎ ማንሆሉ ሲደፈን ወደ ኋላ የሚመለሰው በምድር ቤቱ ሽንት ቤት ነው። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ዘርዝሬ አልጽፈውም። ምድር ቤት የምታዩ ከሆነ ማንሆሉን አስከፍታችሁ እዩ። ጠርዙ ድረስ ሞልቶ የነበረበት ምልክት በግድግዳው ላይ ይቀራል። ሴፕቲክ ታንኩን መጣጭ መኪና ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደመጣ ጠይቁ፣ ማን እንደከፈለም።

ሽማግሌ ወላጅ ካለ ግን ምድር ቤት ከነችግሩ ይመረጣል፤ ሊፍት የለም። እናቴ ጉልበቷን ታማለች። ሦስተኛ ፎቅ እያለን ልትጠይቀን ስትመጣ ደረጃው መሃል ላይ ተቀምጣ አርፋ ነበር የምትወጣው። ኋላ ኋላ መምጣት አቆመች፤ እኛ ነን የምንሄድ። አንደኛ ፎቅ የመረጥነው በውሃውም በእሷም ነው።

ምጣድ የሚለውን እንዳልረሳው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። የድሮው ገመድ ሶኬቱ ላይ ጠቁሮ ከሆነ እዚያ ተቃጥሎ ያውቃል ማለት ነው። ምጣዱ የሚሰካበት መስመር ለብቻው ከቆጣሪው ወፍራም ገመድ ተስቦለት እንደሆነ ጠይቁ። ካልሆነ ከመግባታችሁ በፊት አስስቡ፤ ከቤቱ ዕድሳት ሁሉ ይህ ይቀድማል። የጋራ ማብሰያ ቤቱ በአንዳንድ ሳይት ሥራ ላይ ነው፣ በአንዳንዱ ደግሞ ተከራይቶ መጋዘን ወይም ሱቅ ሆኗል። ለድግስና ለለቅሶ ትልቅ ድስት የሚጣድበት፣ በግ የሚታረድበት ቦታ ከሌለ ሰው ደረጃ ላይ ያርዳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሽታ እናንተው አስቡት።

ለቅሶ ካነሳሁ ቅሬውን፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለውን፣ ልንገራችሁ። ወሎ ውስጥ ቤት የያዘ ሰው ቅሬ ይገባል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ውስጥ የሆኑበት ብሎክ አለ፤ የእኛ እንደዚያ ነው። ተከራይ ነኝ፣ መሄዴ ነው ብላችሁ እንዳትቀሩ። ቅሬ ያለበት ብሎክ ሰዉ ይተዋወቃል፤ የሚተዋወቅ ሰው ደግሞ ለፓምፕ ሲዋጣ እሺ ይላል። ቤት ሳይ ከምጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ድንኳን የት እንደሚተከል ነው። ደላላው ግራ ይገባዋል። "እዚህ ነው የምንተክለው፣ ባለፈው እንዲህ ሆኖ..." ብሎ የሚያወራላችሁ ጎረቤት ካገኛችሁ ግን ያ ብሎክ ሰው አለው።

ኮሚቴውስ? የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የሚባል አለ። በዚያ መሠረት የቤት ባለቤቶቹ ማህበር ያቋቁማሉ፣ መተዳደሪያ ደንብ ያወጣሉ፣ የጋራ የሆነውን ሁሉ በጋራ ወጪ ያስተዳድራሉ። ወረቀት ላይ እንዲህ ነው። ተከራይተን የነበረበት ብሎክ ላይ ኮሚቴ የሚባለው አንድ ሰው ነበር፤ ገንዘብ ይሰበስባል፣ ደረሰኝ የለውም፣ የደረጃው መብራት በጠፋ ቁጥር "ገንዘብ የለም" ይላል። ስብሰባ ይጠራ ሲባል ይቆጣል። አብዛኛው ነዋሪ ተከራይ ስለነበር፣ ባለቤቶቹም ከከተማው ውጭ ስለሆኑ፣ የሚጠይቀው ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ቤት ሳይ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። የማህበሩ የባንክ ሂሳብ በስንት ሰው ፊርማ ይንቀሳቀሳል? የመጨረሻው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይታያል? ከብሎኩ ውስጥ ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበት ቤት ስንት ነው? ሦስተኛው ከሁለቱ ይበልጣል። ባለቤቶች የሚኖሩበት ብሎክ በደረጃው እጀታ ይለያል፤ የተነቀለ የለም፣ ቢነቀልም በሽቦ ታስሯል።

ጥበቃውን አናግሩ። በቀን ሳይሆን ምሽት ላይ፣ ቢቻል መብራት በጠፋበት ቀን። ደመወዛቸውን በሰዓቱ ያገኙ እንደሆነ በትህትና ጠይቁ። ደመወዝ የዘገየባቸው አባት የብሎኩን ሚስጥር ሁሉ ይነግሯችኋል።

ለተከራዮች። የቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በሥራ ላይ በዋለበት ከተማ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር አይበልጥም። የምትገቡበት ከተማ አዋጁን ጀምሮ እንደሆነ ቤቶች ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። ውሉ ላይ የጋራ መዋጮውን ማን እንደሚከፍል ይጻፍ። "የጥበቃውን እናንተ፣ የጥገናውን እኔ" ብሎ መለየት ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ለገዢዎች። ኮንዶሚኒየሞቹ በዕጣ ሲተላለፉ 20 በመቶ ቅድሚያ ተከፍሎ ቀሪው በባንክ ብድር ነበር፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ዕዳው አልቋል ወይ ነው። የባንክ ክሊራንስ ሳታዩ ቀብድ አትስጡ። ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛ ፊርማ ግድ ነው፤ ላጤ ነኝ ካለ ያላገባ ወረቀት ያምጣ። በውክልና የሚሸጥ ከገጠማችሁ ውክልናው መሸጥን በግልጽ ይፈቅዳል ወይ፣ ተሽሮስ እንደሆነ የሰጠው መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ አረጋግጡ፤ ወካዩ በሕይወት መኖሩንም። "ኦርጅናል ካርታው በ2014ቱ ጦርነት ጠፋ" የሚል ሻጭ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። እውነቱን ይሆናል፣ ያኔ ብዙ ነገር ጠፍቷል። ቢሆንም ምትክ ካርታ አውጥቶ ይምጣ እንጂ በፎቶ ኮፒ አትዋዋሉ። እቤት ተቀምጦ በሽማግሌ ፊት የተጻፈ ውል ብቻውን አይበቃም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲሆን ያዛል። ሽማግሌዎቹን ግን አትተዉ፣ ነገ ቃል የሚሰጡ እነሱ ናቸው።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ የውሃና የመብራት ውዝፍ። የእኛ ሻጭ ጨዋ ሰው ነበሩ፣ ቢሆንም ተከራያቸው የተወው የውሃ ዕዳ እሳቸውም የማያውቁት ሆኖ ተገኘ። ከክፍያው ጥቂቱ በእጃችን ስለነበር ተነጋግረን ከዚያው ተቀነሰ። እናንተም ሁለቱ ቆጣሪዎች በስማችሁ እስኪዞሩ ድረስ የተወሰነ ገንዘብ አስቀሩ፤ መጠኑንና የሚለቀቅበትን ቀን ውሉ ላይ አስጽፉት፣ የዚያን ዕለቱን የቆጣሪ ንባብም በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።